7.62×39 እና 5.45×39፦ የሁለቱ ጥይቶች ንጽጽር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሶቪየት ኅብረት ኤኬኤም በተባለው የክላሽንኮቭ ጠመንጃ የሚተኮሰውን የ7.62×39 ጥይት (ቁጥሮቹ የአፈሙዙን ስፋት ገደማና የቀለሁን ርዝመት በሚሊሜትር ያሳያሉ) ትታ በ1974 እ.ኤ.አ. ወደ 5.45×39 የዞረችው ለምንድን ነው? ክብደቱ ከግማሽ በታች የሆነ አረር (ከጥይቱ ተወንጭፎ የሚወጣው ክፍል) እንዴት የተሻለ ሊባል እንደቻለ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ 1፦ በአፈሙዝ ላይ ያለውን ጉልበት ብቻ ካየን ብልጫው የነባሩ ነው፤ 7.9 ግራም የሚመዝነው አረር በሰከንድ 715 ሜትር ገደማ ሲወጣ 2,000 ጁል ያህል ጉልበት ይይዛል፣ የአዲሱ 3.4 ግራም አረር ግን በሰከንድ 900 ሜትር ቢበርም 1,400 ጁል ገደማ ነው። ይሁን እንጂ ተኳሹን ይበልጥ የሚጠቅመው የበረራው መስመር ብዙ አለመጉበጡ ነው። የሶቪየት መመሪያዎች በደረት ቁመት ዒላማ ላይ ማነጣጠሪያ ሳይቀየር የሚተኮስበትን ርቀት ለኤኬኤም 350፣ አዲሱን ጥይት ለሚተኩሰው ኤኬ-74 ጠመንጃ ደግሞ 440 ሜትር ያደርጉታል፤ በእኔ እምነት ከጁል ቁጥሩ ይልቅ ሊታይ የሚገባው ይህ ልዩነት ነው።

መልስ 2፦ በዚህ ላይ ትከሻን የሚመታው ግፊት ይታከልበት። የአረሩን ክብደት በፍጥነቱ ብናባዛ የአዲሱ ውጤት ከነባሩ ግማሽ እምብዛም ስለማይበልጥ፣ በተከታታይ ሲተኮስ መሣሪያው ከዒላማው ብዙ አይሸሽም። እርግጥ ነው፣ ኤኬ-74 አፈሙዙ ላይ የተገጠመው ግፊት ማርገቢያም ድርሻ ስላለው ውጤቱን ሁሉ ለጥይቱ መስጠት ተገቢ አይደለም። አንዱ ሙሉ ጥይት (አረሩ ከነቀለሁና ከነባሩዱ) ከ16 ግራም ወደ 11 ግራም ገደማ መውረዱም ለተሸካሚው ቀላል ነገር አልነበረም።

መልስ 3፦ ነባሩ ጥይት ግን ከነጭራሹ አልተተወም። የድምፅ ማፈኛ የተገጠመለት ኤኬኤም ከድምፅ ፍጥነት በታች የሚበር ከባድ አረር መተኮስ ስለሚችል፣ ለስውር ሥራ የሚሰማሩ ክፍሎች ይዘውት ቆይተዋል።