የእምቦጭ ዕቅድ ሁለተኛ ረቂቅ፦ ቲሸርቱ ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ጸሐፊዋ፦ እንደምን አመሻችሁ። እሑድ በተነጋገርነው መሠረት ሁለተኛውን ረቂቅ ለጥፌያለሁ። ባጭሩ ይኼ ነው። ኅዳር ላይ አንድ ቅዳሜ ጣና ዳር ወጥተን እምቦጭ የተባለውን የውሃ አረም እንነቅላለን። 200 ቲሸርትና ኮፍያ እናሳትማለን፣ አውቶቡስ እንከራያለን፣ ምሳ እናቀርባለን። ማመልከቻው ሐሙስ ቀበሌ መግባት አለበት። አስተያየት ያላችሁ እስከ ነገ ማታ ወርወር አድርጉ።

ዓሣ አጥማጁ፦ ልጄ፣ ድካምሽን አይቻለሁ፤ ተናግሬ ላስቀይምሽ አልፈልግም። ግን አንድ ቅዳሜ ምን ሊፈይድ ነው? ይኼ አረም በ2004 ዓ.ም. አካባቢ በደምቢያ በኩል ታየ ከተባለ ወዲህ ስንት ጊዜ ዘመቻ ወጣን? ያለፈውን አስታውሱ። ስንነቅል ዋልን፣ የነቀልነውን ውሃው ዳር ከመርነው፣ ፎቶ ተነሣን፣ ቤታችን ገባን። በሦስተኛው ቀን መረብ ልጥል ስወርድ ማዕበሉ የክምሩን ግማሽ መልሶ ወስዶታል። የቀረውም ከሥሩ እርጥብ ነበር፤ አዲስ ቅጠል ጀምሯል። ማታ ለቆሮሶ ብዬ የጣልሁት መረብ ጠዋት ጥቁር ሥር ብቻ ይዞ ይወጣል። እሱን ማን ይብላው?

ወጣት ክፍል፦ ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። ግን ቲሸርት ከሌለ ወጣቱ አይመጣም፤ እንዳንዋሽ።

ነርሷ፦ በቲሸርቱ ገንዘብ ቦት ጫማ ይገዛ። ያኔ ግማሹ ሰው በባዶ እግሩ ነው የገባው። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ይገባል፤ ቁስል እንኳ አያስፈልገውም። እምቦጩ ሥር ደግሞ ቀንድ አውጣ እንደ ልቡ ይራባል። ሐይቅ እናድን ብለን የሰው ልጅ አሳምመን እንዳንመለስ። ቦት ጫማ የሌለው ውሃ ውስጥ አይግባ፤ ደረቅ ላይ ሆኖ ይሸከም። ይኼ በጽሑፍ ይግባልኝ።

መምህሩ፦ እኔ የምቃወመው ኅዳርን ነው። በኅዳር አረሙ አብቦ፣ ዘር ጥሎ፣ ምንጣፍ ሆኖ ነው የምናገኘው። ዘሩ ጭቃ ውስጥ 20 ዓመት ገደማ ሳይሞት መቆየት ይችላል። በበጋ ውሃው ሲሸሽ ዳሩ ላይ ይቀራል፤ ክረምት ሲገባ ይበቅላል። ዘር ባይኖርም እንደ ሙዝ ልጅ ይጥላል። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። እስቲ አስሉት፦ ሐምሌ መግቢያ ላይ 10 ሥር አይተን ብናልፍ፣ መስከረም ላይ 640 ይጠብቀናል። ዐሥሩን አንድ ሰው በአንድ መንሽ ይጨርሳቸዋል። ለ640ው አውቶቡስ ልንከራይ ነው።

ጸሐፊዋ፦ ታዲያ መምህር፣ ምን ብዬ ልጻፈው?

መምህሩ፦ «ከሐምሌ እስከ መስከረም በየቅዳሜው፣ ስድስት ስድስት ሰው፣ የተመደበለትን ዳርቻ በእግሩ ይዞራል» በይ። ዘመቻውን አልሰርዝም፤ ግን እሱ ጭራው ይሁን።

ከዲሲ፦ ሰላም ወገኖቼ። ከዚህ ሆኜ ሳነብ ቆየሁ። እኛ እዚህ ገንዘብ አሰባስበን ማጨጃ ማሽን ብንገዛስ? ካልሆነም ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ አረሙን የሚበላ ጥንዚዛ ለቀውበት ቀንሶላቸዋል ሲባል ሰምቻለሁ።

መምህሩ፦ ወንድሜ፣ ልክ ሰምተሃል። በ1990ዎቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ዩጋንዳም ኬንያም ለቀዋል። ግን ጥንዚዛውም ራሱ መጤ ነው። ያለ ጥናትና ያለ መንግሥት ፈቃድ አይለቀቅም። መጤ ልንከላከል ተነሥተን በሻንጣ መጤ እንዳታስገባ፣ አደራ።

ዓሣ አጥማጁ፦ ማሽኑም መጥቶ አይተነዋል። ጥልቁ ላይ ይሠራል፤ ጭቃው ዳር ግን አይገባም። አረሙ የሚብሰው ደግሞ እዚያው ዳር ነው። ማሽን ተበላሽቶ ቆሞ ከማይ መቶ መንሽ ባይ ደስ ይለኛል።

ከዲሲ፦ ገባኝ። እንግዲያው መንሹንና ቦት ጫማውን እኛ እንሸፍናለን። ልኩን ላኩልን።

ባለጀልባው፦ እኔ የምናዘዘው አለኝ። አምና ወደ ዘጌ የወሰድኋት እንግዳ ሐምራዊ አበባውን ዐይታ ወደደችው። አያምርም አይባልም፤ ከላይኛው ቅጠሉ መሐል ቢጫ ነጥብ አለችው። «ከነሥሩ ንቀልልኝ፣ ግቢዬ የውሃ ገንዳ አለኝ» አለች። በላስቲክ ጠቅልዬ ሰጠኋት። ጉርሻም ተቀበልሁ! ጀልባዬ ሞተር ላይ ሲጠመጠም የምራገመውን አረም በገዛ እጄ ሸኘሁት። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

መምህሩ፦ ዓለምን የዞረውስ በውበቱ አይደል? አገሩ አማዞን ነው። በኛ አገር የተመዘገበው በፈረንጆቹ 1965 ቆቃ ላይ ነው። አዋሽ ወደ ጣና አይፈስም። ከተፋሰስ ወደ ተፋሰስ የሚሻገረው ተጭኖ ነው፤ በመረብ፣ በጀልባ፣ በጎማ ጭቃ፣ እንዳልኸው በላስቲክም። ስለዚህ የመጀመሪያው አንቀጽ ያንተ ይሁን፦ አበባውን ማንም አይወስድም፣ አይሰጥም፣ አይሸጥም። ጀልባና መረብ ወደ ሌላ ውሃ ከመሄዱ በፊት ተራግፎ፣ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል።

ዓሣ አጥማጁ፦ መረቡን እኔ ለባልደረቦቼ እነግራለሁ። በወረቀት አይሆንም፤ ቡና ላይ ነው።

ነርሷ፦ አንድ ነገር ተረሳ። አረሙ የሚጠግበው በምንድን ነው? በማዳበሪያና በኛው ፍሳሽ። የሽንት ቤቱን ቱቦ ከጎርፍ መውረጃ ጋር ያገናኘ ግቢ በሠፈራችን የለም?

ጸሐፊዋ፦ እሱን ካስገባን ቀበሌ ያኮርፋል፤ ጎረቤትም ይቀየማል።

ነርሷ፦ ይቀየም። እየመገብነው ብንነቅለው ምን ዋጋ አለው?

ወጣት ክፍል፦ እኔም ባጃጄን ሐይቁ ዳር ነው የማጥበው። ከነገ ጀምሮ ትቻለሁ። ቲሸርቱንም ተውት፤ ለየቡድኑ መሪ አንድ ኮፍያ ይበቃል። ግን ኮፍያዋን አትንኩብኝ!

ባለጀልባው፦ የነቀልነው የት ይደርሳል? ለከብት ይሰጥ እንዳይባል፣ የኔዎቹ ላሞች ቀምሰው ተቀማጥ ያዛቸው።

መምህሩ፦ 100 ኪሎ ብትነቅል 95ቱ ውሃ ነው። መጀመሪያ ከፍ ያለ ቦታ ሸራ ላይ ይጠንፈፍ፤ ሸክሙ ይቀላል። ጎርፍ የማይደርስበት ጉድጓድ ይቆፈር። ያላበበው ለኮምፖስት ይሆናል። ያበበው ደርቆ ይቃጠል፤ ኮምፖስቱ በደንብ ካልጋለ ዘሩ አይሞትምና ማሳ ላይ ራሳችን እንዘራዋለን።

ጸሐፊዋ፦ እሺ፣ ሦስተኛው ረቂቅ። ከሐምሌ 1 ጀምሮ በየቅዳሜው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ስድስት ሰው ዳርቻውን ይዞራል። የታየው የዚያኑ ዕለት ከነሥሩ ይነቀላል፤ ከአቅም በላይ የሆነው ፎቶ ተነሥቶ ለቀበሌ ይነገራል። መንሽ፣ ቦት ጫማ፣ ጓንት፣ ሸራ ይገዛል። የአበባው፣ የመረቡና የጀልባው አንቀጽ ገብቷል። የፍሳሹንም አስገብቼዋለሁ፤ «ከራሳችን አባላት ግቢ እንጀምር» ብዬ። ቲሸርት ወጥቷል፣ አውቶቡስ ወጥቷል፣ ስድስት ኮፍያ ብቻ ይታተማል። ምሳውን በየቤታችን። የኅዳሩ ቅዳሜ ግን ይቆይ፤ እስከዚያ ያየነውን አይተን እንወስናለን። መሸከሚያው ብቻ አልተቆረጠም፤ የእጅ ጋሪ እንዳንል ጭቃው ላይ አይሄድም።

ዓሣ አጥማጁ፦ የዕድሩ ቃሬዛ አለ አይደል? እምቦጭም ቀብር ያስፈልገዋል።

ባለጀልባው፦ ኧረ ጋሼ! ዳኛው ቢሰሙ ጉድ ይፈላል።

ዓሣ አጥማጁ፦ እኔ አስፈቅዳለሁ። የመጀመሪያው ቅዳሜም የኔ ነው። አምስት ሰው ስጡኝ።

ወጣት ክፍል፦ እኔ አንድ።

ነርሷ፦ ሁለት። የጫማ ቁጥራችሁን ዛሬውኑ ጻፉልኝ፤ ለዲሲ ልልክ ነው።