ክርክር፦ ፓይተንን ወደ ስልክ ማምጣት ወይስ የስልኩን ቋንቋ መማር?

መምህሯ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፕሮግራሚንግ ከማስተምራቸው ልጆች አብዛኞቹ ላፕቶፕ የላቸውም፣ ስልክ ግን ሁሉም አላቸው። የፕሮግራሚንግ ቋንቋው ፓይተን ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 በወጣው 3.13 እትሙ ላይ አንድሮይድንና አይኦኤስን በይፋ ከሚደግፋቸው መድረኮች ውስጥ አስገብቷል። በብሮውዘር በኩልም ፓዮዳይድ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ሞዚላ ውስጥ የተጀመረ ሥራ ነው፣ ፓይተንን ከነናምፓይና ከነፓንዳስ (ለቁጥርና ለዳታ ሥራ የተዘጋጁ ላይብረሪዎች ናቸው) ብሮውዘር ውስጥ ያስኬዳል። የኔ አቋም ግልጽ ነው። ሰው የሚወደውን ቋንቋ እጁ ላይ ባለው መሣሪያ ማግኘት አለበት። እዚህ ግሩፕ ውስጥ ግን «ለስልክ ኮትሊን፣ ለብሮውዘር ጃቫስክሪፕት፣ አለቀ» የምትሉ ብዙ ናችሁ። እስቲ ምክንያታችሁን አምጡ።

ሞባይል ሠሪ፦
አንዱ እኔ ነኝ። እህቴ፣ ለመማሪያ ከሆነ አልቃወምም። አፕ ሠርቶ ለሰው መስጠት ሲመጣ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድሮይድ ላይ ፓይተን አፑ ውስጥ ተከቶ ነው የሚሄደው። ካሜራ ስትፈልጊ፣ ኖቲፊኬሽን ስትፈልጊ፣ ዞረሽ የጃቫውን በር ማንኳኳትሽ አይቀርም። አይኦኤስ ላይ ይብሳል፦ የለመድነው ሰብፕሮሰስ (ከፕሮግራማችን ሌላ ፕሮግራም ማስነሳት) እዚያ አይሠራም፣ በሲ ቋንቋ የተጻፉ ሞጁሎችም እያንዳንዳቸው አፕል በሚፈልገው የፍሬምወርክ ቅርጽ ካልታሸጉ አፕ ስቶር አይቀበላቸውም።

አማርኛውስ? ኪቪ በሚባለው የፓይተን አፕ መሥሪያ የሠራ ያውቀዋል። ኪቪ በተኑንም ጽሑፉንም ራሱ ነው የሚስለው። ሳትነኪው የሚጠቀመው ፎንት ሮቦቶ ነው፣ ሮቦቶ ደግሞ የግዕዝ ፊደል የለውም። «ሰላም» ብለሽ ትጽፊያለሽ፣ ባዶ ሳጥን ይደረደርልሻል። በኮትሊን የጻፍኩት አፕ ግን ስልኩ ላይ ያለውን ፎንት ስለሚጠቀም ምንም ሳልነካ አማርኛውን ያወጣዋል።

መምህሯ፦
የፎንቱ ነገር ይፈታል እኮ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን የግዕዝ ፎንት አፑ ውስጥ ከተህ ኪቪ እሱን እንዲጠቀም መንገር ነው። ደግሞ ሌላውን የፓይተን አፕ መሥሪያ፣ ቢዌርን ተመልከት። ቶጋ የሚባለው ክፍሉ የስልኩን የራሱን በተንና ጽሑፍ ነው የሚጠቀመው፣ ስለዚህ ይሄ ችግር አያገኘውም። ጥፋቱ የኪቪ አሠራር ነው፣ ቋንቋውን ለምን ትወቅሳለህ?

ሞባይል ሠሪ፦
ጀማሪ ልጅ መጀመሪያ የሚያየው ሳጥኑን ስለሆነ ነዋ! መፍትሔውን ፈልጎ እስኪያገኝ ስንቱ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ሌላም አለ። ፓይተኑን ከነላይብረሪው አፑ ውስጥ ስትከቺ አፑ በብዙ ሜጋባይት ይከብዳል። ፓዮዳይድም ገና ሲከፈት ብዙ ሜጋባይት ያወርዳል። የዳታውን ሂሳብ የሚከፍለው ተጠቃሚው ነው፣ እኛ አይደለንም። ፕሮግራመሩ የሚወደውን ቋንቋ ስለተጠቀመ ብቻ ተጠቃሚው ለምን ካርድ ይጨርስ?

የጂዳዋ፦
ወንድሜ ሞባይል ሠሪ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ኮትሊን ተማሩ ትላለህ። በምን? የኮትሊን አፕ የሚሠራበት አንድሮይድ ስቱዲዮ ኮምፒውተር ይፈልጋል፣ ያውም ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም ያለው። እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ያለኝ ስልክ ብቻ ነው፣ ማታ ሁሉም ሲተኛ ፓይድሮይድ በሚባል የፓይተን መጻፊያ አፕ ላይ እማራለሁ፣ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራልኛል። በስልክ ኪቦርድ የፓይተንን ስፔስ ማስተካከል ዓይን ያደክማል፣ አልዋሽም። ግን እየጻፍኩ ነው፣ ፕሮግራሜም ይሠራል። የስልኩን ቋንቋ ለመማር ስልኩ ካልበቃኝ፣ ለስልኩ ቅርብ ነው የምትሉት ቋንቋ ለኔ በጣም ሩቅ ነው።

ሞባይል ሠሪ፦
ለዚህ መልስ የለኝም። አክብሬሻለሁ እህቴ። የአፑን ክብደት በተመለከተ ግን ያልኩትን አላነሳም።

ቢት በቢት፦
ማንም ያላነሳው ጥያቄ አለ። ማነው የሚንከባከበው? አንድሮይድና አይኦኤስ ያገኙት ድጋፍ ሦስተኛ ደረጃ ነው። ቢያንስ አንድ ኮር ዴቨሎፐር (ከፓይተን ዋና ሠሪዎች አንዱ) ኃላፊነት ይወስድበታል፣ ነገር ግን እዚያ መድረክ ላይ የሆነ ነገር ቢሰበር አዲሱ እትም ለዚያ ብሎ አይዘገይም። የብሮውዘሩን ታሪክ ተመልከቱ። ፓይተንን ለብሮውዘር የሚያዘጋጀው የኤምስክሪፕተን ድጋፍ በ3.11 በይፋ ገባ፣ በ3.13 ከዝርዝሩ ወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው 3.14 ተመለሰ። በመሀል የፓዮዳይድ ሰዎች ባይይዙት ኖሮ የመምህርት ተማሪዎች ብሮውዘር ላይ ምን ይከፍቱ ነበር? ቋንቋ አዲስ ቦታ ማድረስ የአንድ ሰሞን ሥራ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን በየእትሙ የሚሰበረውን የሚጠግን ሰው ያስፈልጋል፣ ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነው።

ለትንንሽ ቺፖች የተሠራው ማይክሮፓይተን ይሄን ቀድሞ የገባው ይመስለኛል። ዴሚያን ጆርጅ እ.ኤ.አ. በ2013 ኪክስታርተር ላይ ከሕዝብ ገንዘብ አሰባስቦ ሲጀምረው ትልቁን ፓይተን ጎትቶ ትንሽ ቺፕ ላይ ለመጫን አልሞከረም፣ ቋንቋውን እንደ አዲስ ጻፈው። 256 ኪሎባይት የኮድ ቦታና 16 ኪሎባይት ራም ይበቃዋል። ቋንቋውን ወሰደ፣ ጓዙን ተወ። ስለዚህ ይዘን እንሂድ ስትሉ ምኑን እንደሆነ ለዩ። ፎር ሉፑንና ፈንክሽኑን ከሆነ የትም ይደርሳል። ናምፓይንና ሌላውን ላይብረሪ ሁሉ ከሆነ ግን በየመድረኩ ለብቻ ኮምፓይል ተደርጎ (ወደ ማሽን ኮድ ተለውጦ) መዘጋጀት አለበት፣ ትግሉ ያለውም እዚያ ነው።

መምህሯ፦
ቢት በቢት፣ እንዲህ ያለ መልስ ነበር የጠበቅኩት። ግን ሰው ስለሌለ ይቅር ከማለት ሰው እንሁን ለምን አንልም? ድጋፉ በጥቂት ሰው የቆመ ከሆነ፣ እኛ የምንጨምረው አንድ ጥሩ የስህተት ሪፖርት ዋጋ አለው።

ቢት በቢት፦
አለው። ከመጀመርሽ በፊት ግን አንድ ነገር አጣሪ። የአንድሮይዱ ይፋዊ ድጋፍ 64 ቢት ሲስተም ላላቸው ስልኮች ብቻ ነው። ርካሽና የቆየ ስልክ ብዙ ጊዜ 32 ቢት ነው። ከልጆቹ የአንዳንዶቹ ስልክ ከድጋፉ ውጭ ሊሆን ይችላል።

መምህሯ፦
ይሄ ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ከውጭ የሚቀሩት በጣም የሚቸገሩት ልጆች ናቸው። እንግዲያው መጀመሪያ የእያንዳንዱን ስልክ ዓይነት እመዘግባለሁ። 32 ቢት ለያዙት ምን እንደሚሠራ እዚሁ አብረን እንፈልግ። ሞባይል ሠሪ፣ አንተ ደግሞ ኪቪ ላይ የአማርኛ ፎንት የሚያስገባ አጭር ምሳሌ ጽፈህ ላክልን፣ ልጆቹ ሳጥን እንዳያዩ።

ሞባይል ሠሪ፦
ዛሬ ማታ እልካለሁ። የቶጋውንም እጨምርበታለሁ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አይተው ይምረጡ።