ለአምባዛ መንጠቆ ራሴ እያዘጋጀሁ ነው፤ ቋጠሮው እየተፈታ አስቸገረኝ

ሰላም ወንድሞችና እህቶች፣ ባሕር ዳር ነኝ። በመረብ ማጥመድ አልፈልግም። ክረምት ላይ ነጭ ዓሣው እንቁላል ለመጣል ከጣና ሐይቅ ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ሲወጣ፣ ወንዙ አፍ ላይ የተዘረጋ መረብ እናቶቹን እንዴት እንደሚጠርግ አይቻለሁ። ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች አብዛኞቹ ደግሞ ከጣና ውጭ የትም የሉም። ስለዚህ አምባዛ ብቻ ለመያዝ ረጅም ገመድ ከነመንጠቆው በእጄ ለመሥራት ተነሳሁ።

ዋናው ገመድ የተገመደ ወፍራም ናይለን ነው። በየ2 ሜትሩ ግማሽ ሜትር ነጠላ ናይለን አንጠልጥዬ 20 መንጠቆ አሰርሁ። አምባዛ ሌሊት ስለሚወጣ፣ አመሻሽ ላይ በታንኳ ወስጄ ጣልሁት። ጠዋት ሳወጣው 7 መንጠቆ የለም! ክሩ አልተበጠሰም፤ ጫፉ ተጠቅልሎ ቀርቷል፣ ቋጠሮው ተፈትቷል ማለት ነው። መንጠቆ አፉ ውስጥ ይዞ የሄደ ዓሣ ይኖራል ብዬ ሳስብ ልቤ ያዝናል። የቀሩት ክሮች ዋናው ገመድ ላይ ተጠምጥመዋል።

ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው እንደሚያንስ ሳላውቅ 10 ቁጥር ገዝቻለሁ፤ እሱን እቀይራለሁ።

የቸገረኝ ግን ቋጠሮው ነው። ናይለኑን በውኃ አርሼ አጠብቃለሁ፣ አሁንም ያዳልጣል። ስንት ጊዜ ልጠምዝዘው? እንዳይጠማዘዝ የሚሽከረከረውን ማያያዣ ዋናው ገመድ ላይ ላድርገው ወይስ ከመንጠቆው አጠገብ? አጥማጅ የሆናችሁ፣ ወይም አባቶቻችሁ ሲያስሩ ያያችሁ፣ ደረጃ በደረጃ ብትጽፉልኝ። ቅዳሜ ጠዋት የሚያሳየኝ ሰው ካለም ሐይቁ ዳር እመጣለሁ።