ሙዮኑ ከተስተካከለ ሞዴሉ ምን ይሁን?

ከሆጤ፦ ደሴ ያለች የፊዚክስ ማስተርስ ተማሪ ዳርክ ማተርን (የማይታየውን ቁስ) እና የሙዮንን (የኤሌክትሮን ከባድ ዘመድ የሆነ ቅንጣት) አፈንጋጭ ባህሪ በአንድ አዲስ ኃይል የሚያያይዝ ሞዴል ላይ መመረቂያ ልትሠራ ነው። ትቀጥል ወይስ ትተወው? እኔ ትተወው ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2021 ፌርሚላብ የተባለው የአሜሪካ ቤተ ሙከራ የሙዮን ማግኔታዊነት ከስሌቱ በ4.2 ሲግማ (ሲግማ ሲበዛ ልዩነቱ በአጋጣሚ የመምጣት ዕድሉ ይጠባል) ይለያል ሲል ስንቱ ጮቤ ረገጠ። በ2025 ስሌቱ ሲከለስ ልዩነቱ የት ገባ?

ከኮምቦልቻ፦ አቦ ቀስ! ልኬቱ እኮ ንቅንቅ አላለም። የተቀየረው ስሌቱ ነው። እሱም ቢሆን ገና አልጠራም፤ በ2023 ከሩሲያዋ ኖቮሲቢርስክ የወጣው፣ ለስሌቱ ግብዓት የሚሆነው የኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ግጭት ውጤት ከቀደሙት ጋር አይገጥምም።

ከሆጤ፦ የአውሮፓውን ቤተ ሙከራ የሰርኑንስ ምን ልትል ነው? በ2021 ቢ የሚባሉ ቅንጣቶች ሲፈርሱ ሙዮንና ኤሌክትሮን እኩል አይወጡም ተባለ፣ 3.1 ሲግማ። በ2022 መጨረሻ ሲጣራ ሌሎች ቅንጣቶች በኤሌክትሮን ስም ተቆጥረው ተገኙ። እስከዚያ ስንት ወረቀት ተጻፈበት!

ከቧንቧ ውሃ፦ መብራት በሚጠፋበት አገር ዳርክ ማተር? 😂

ከኮምቦልቻ፦ አብሽር፣ ላፕቶፕ ይበቃታል። ሶፍትዌሮቹም ነጻ ናቸው።

ከሸዋ በር፦ ልጆች፣ ዳርክ ማተር በሙዮን የመጣ ጉዳይ አይደለም። ቬራ ሩቢን በ1970ዎቹ ጋላክሲዎች ሲሽከረከሩ አይታ ያስጨነቀችን ነገር ነው፤ ከተራው ቁስ አምስት እጥፍ ይሆናል። የልጅቷ ሞዴል ደግሞ ብልሃት አለው። አዲሱ ኃይል ሙዮንንና ከሱም የከበደውን ዘመዱን ታውን ይነካል፣ ተራው አቶም የተሠራባቸውን ኤሌክትሮንንና ኳርክን ግን በቀጥታ አይነካም። ዳርክ ማተር ከዜኖን አቶም ጋር ሲጋጭ ለማየት ከመሬት በታች የተተከሉት መመርመሪያዎች በቀላሉ ያላገኙት ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ከሆጤ፦ ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነ መቼም አይሸነፍም። ባልታየ ቁጥር ኃይሉን ማድከም ነው።

ከሸዋ በር፦ አይሆንም ልጄ። ኃይሉ በጣም ከደከመ በጥንቱ ዩኒቨርስ የዳርክ ማተር ቅንጣቶች እርስ በርስ ተጠፋፍተው አይቀንሱም። ዛሬ ከምናየው በላይ ይተርፉ ነበር። ከጠነከረ ደግሞ ሙዮኑ ያጋልጠዋል። በሁለቱ መሃል የቀረችውን ቀዳዳ መለካት አንድ መመረቂያ ይወጣዋል።

ከሆጤ፦ እሺ፣ ርዕሱ ላይ «አፈንጋጭ» የሚለውን ታውጣና እስማማለሁ።

ከኮምቦልቻ፦ ለምን ታወጣለች? ቢ ቅንጣቶች ሲፈርሱ ታው ከስሌቱ በላይ የመውጣቱ ጉዳይ እኮ ገና 3 ሲግማ አካባቢ አለ!

ከሸዋ በር፦ እሱ ሌላ ሞዴል ነው። ብዙ ጊዜ ሌፕቶኳርክ የሚባል፣ ገና ያልተገኘ ቅንጣት ይፈልጋል። ሁለቱን ካደባለቀች አማካሪዋ መጀመሪያ የሚጠይቃት ይህንኑ ነው።