ጥቆማ፦ ቢሮ ያለውን ሊኑክስ ሰርቨር ከቤት ሆኖ በሰላም ለማጥፋት ምን ይገዛ?

ሜክሲኮና ፒያሳ አካባቢ ቢሮ ኖሯችሁ መብራት በሄደ ቁጥር ሰርቨራችሁ በድንገት የሚጠፋባችሁ፣ ትልቅ ባትሪ ለመግዛት አትቸኩሉ። መርካቶ ስትሄዱ ሻጩ ስለ ዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ ሰርቨሩን በባትሪ ስለሚያቆየው መሣሪያ) ጉልበት ሲነግራችሁ፣ እናንተ አዙራችሁ ጀርባውን እዩ። አራት ማዕዘን የሆነች የዩኤስቢ ቀዳዳ ካለችው (ስልክ የሚሞላበትን ጠፍጣፋውን አይደለም) ብዙውን ጊዜ መብራት መሄዱንና የባትሪውን መጠን ለሰርቨሩ ይነግረዋል። ከሌለችው የሚያውቀው መጮህ ብቻ ነው፤ ሌሊት ቢሮ ውስጥ ማን ይሰማዋል? ባትሪው አሥር ደቂቃ ብቻ ይዞ ለሰርቨሩ የሚናገረው፣ አንድ ሰዓት ይዞ ከማይናገረው በብዙ ይሻላል።

መልእክቱን የሚያነበው ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ የተባለ ነጻ ፕሮግራም ነው። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩን ራሱ በሥርዓት ያጠፋዋል፤ በዚያው ዩፒኤስ ላይ ላሉ ሌሎች ማሽኖችም በኔትወርክ ያስታውቃል። የኔትወርክ ስዊቹንና ሞደሙን እዚያው ዩፒኤስ ላይ ሰኩ፤ አለዚያ መልእክቱ መንገድ ላይ ይቀራል።

በእጅ ለማጥፋት ከቤት በኩል የኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ የሳፋሪኮም የሞባይል ዳታ ይበቃል፤ በኤስኤስኤች (ማሽንን ከሩቅ ሆኖ በጽሑፍ ማዘዣ መንገድ) የሚሄደው ጽሑፍ ነውና። ሹትዳውን የሚለውን ትእዛዝ አምስት ደቂቃ ሰጥታችሁ ላኩት። ዛሬ በተለመዱት ሊኑክሶች ላይ መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ሰርቨሩ ትእዛዙን ተረክቧል፤ ዳታቤዙን ዘግቶ፣ ያልተጻፈውን ዲስኩ ላይ ጽፎ ይጠፋል። ሃልት የሚለውን ግን ተዉት፤ ሥራውን አቁሞ ኃይሉን ሳይዘጋ ሊቀር ይችላል።

ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ ከሆነ ሞሊ ጋርድ የተባለውን ፕሮግራም ሰርቨሩ ላይ ሳትጭኑ አትደሩ። ባለፈው ክረምት አራት ኪሎ ቤቴ ሆኜ ኮምፒውተሬ ላይ ለሁለት ማሽኖች ሁለት መስኮት ከፍቼ ስሠራ ትእዛዙን በተሳሳተው ላይ ጻፍሁት፤ የጠፋው የሒሳብ ክፍሉ ማሽን ነበር። የጠፋን ማሽን በኤስኤስኤች ማስነሳት አይቻልም። በዝናብ ፒያሳ ወርጄ፣ ጥበቃውን ቀስቅሼ፣ ቁልፉን በእጄ ተጫንሁ። ሞሊ ጋርድ በኤስኤስኤች ገብታችሁ ልታጠፉ ስትሉ የማሽኑን ስም ጻፉ ይላችኋል፤ ስሙን ከሳታችሁ አያጠፋም።

ባለሙያ የምትቀጥሩ ከሆነ ክፍያውን ከመስጠታችሁ በፊት የዩፒኤሱን መሰኪያ ከግድግዳው ነቅሎ ያሳያችሁ። እናንተም ማያ ገጹን እያያችሁ ሰርቨሩ በራሱ እስኪጠፋ ድረስ አብራችሁት ቁሙ።