ቨርቹዋል ሴንተር፦ ዳታ አቅራቢው በምን ሒሳብ ይከፈለው?

ካዛንቺስ_ዳታ
ሰላም ለቤቱ። የራዳርና የበረራ ዕቅድ ማቀናበሪያውን አንድ አቅራቢ እያንቀሳቀሰ፣ የተለያዩ አገሮች የአየር ትራፊክ ቁጥጥር ማዕከሎች ከርቀት ስለሚገለገሉበት አሠራር (ቨርቹዋል ሴንተር) የአዋጭነት ጽሑፍ እያዘጋጀን ነው። ቴክኒኩ ላይ ተስማምተናል፤ ያልተግባባነው ክፍያው ላይ ነው። በበረራ ቁጥር፣ በተከፈተ ሴክተር (ለብቻው ተቆጣጣሪ የሚመደብለት የአየር ክልል ክፍል) ወይስ በቋሚ ዓመታዊ ክፍያ? አለቆቻችን «በበረራ ይሁን፣ በተጠቀምነው ልክ እንክፈል» ባይ ናቸው።

ስኳውክ7000
በበረራ መክፈል ሲሰሙት ፍትሐዊ ነው፤ የአቅራቢው ወጪ ግን ከበረራ ቁጥር ጋር አይወጣም አይወርድም። ሰርቨሩ፣ የ24 ሰዓት ቴክኒሻኑ፣ የሶፍትዌር ማሻሻያውና የደኅንነት ማረጋገጫ ሰነዱ አሥር አውሮፕላን ቢያልፍም ሺህ ቢያልፍም ያው ናቸው። የአውሮፓ በረራ እ.ኤ.አ. በ2019 ከነበረው 11 ሚሊዮን ገደማ በ2020 ወደ 5 ሚሊዮን ወርዷል። ይህን ያየ አቅራቢ ስጋቱን ከወዲሁ ዋጋው ላይ ይጭነዋል፤ በደህናው ዓመት የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ሁለት ክፍል ያለው ክፍያ ይሻላል፦ በተመዘገበ ኮንሶል (የተቆጣጣሪ መሥሪያ ጠረጴዛ) ብዛት ቋሚ ዓመታዊ ክፍያ፣ በላዩ ደግሞ በሴክተር-ሰዓት የሚሰላ ተለዋዋጭ። በእኔ ግምት ተለዋዋጩ ከጠቅላላው ሩብ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ሴክተሩ ስንት ሰዓት ተከፍቶ እንደዋለ ከሲስተሙ ሎግ ይወጣል። በረራ ከተቆጠረ ግን የተሰረዘ ዕቅድ፣ ሁለቴ የገባ ዕቅድ፣ የአየር ክልሉን ጥግ ነክቶ ያለፈ አውሮፕላን ሁሉ የወር መጨረሻ ጭቅጭቅ ነው።

ሁለተኛ_መስመር
ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ ግን ገንዘቡ የሚያፈሰው ሌላ ቦታ ነው፦ ኔትወርኩ ላይ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 15 ቀን 2022 ጠዋት የስዊዘርላንድ የአየር ክልል ለሰዓታት የተዘጋው በኔትወርክ ብልሽት ነው።

አገልግሎቱ ላለመቋረጡ የሚሰጥ 99.99 በመቶ ዋስትና በዓመት 53 ደቂቃ ገደማ መቋረጥን ይፈቅዳል፤ 99.999 ደግሞ 5 ደቂቃ ገደማ። ወሳኙ የሚለካበት ቦታ ነው። አቅራቢው «ከሰርቨር ክፍሌ በር» ይላል፤ እናንተ «ተቆጣጣሪው ስክሪን ላይ» በሉ። በሁለቱ መካከል ያለው መስመር ባለቤት ካጣ ቅጣቱንም የሚከፍል የለም።

ርቀቱ ራሱ አያሳስብም፤ በፋይበር 1000 ኪሎ ሜትር 5 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። በምድር ዙሪያ አንድ ቦታ ላይ በሚቆም ሳተላይት ግን አንድ ጉዞ ሩብ ሰከንድ ይደርሳል። ለራዳር ምስል ይቻላል፣ ለሬዲዮ ንግግር ግን ያስቸግራል። አዲስ አበባ ውስጥ የምፈራው ቁፋሮውን ነው። ከሁለት ኩባንያ መስመር ብትገዙም ገመዶቹ አንድ ቦይ ውስጥ ጎን ለጎን ከተኙ አንድ ኤክስካቫተር ሁለቱንም ይቆርጣቸዋል። ስለዚህ ከቦሌ እስከ ከተማው መውጫ ያለውን የቦይ ካርታ፣ ሕንፃው ውስጥ የሚገባበትን ቀዳዳ ጭምር፣ ከውሉ ጋር አያይዙ።

አቅራቢው ሲቋረጥ ከራዳርና ከኤዲኤስ-ቢ (አውሮፕላኑ ራሱ የሚያሰራጨውን የቦታ መረጃ የሚቀበል) ጣቢያ ምልክቱን በቀጥታ ተቀብሎ የሚያሳይ ትንሽ መጠባበቂያ ሲስተምም አገር ውስጥ ያስፈልጋል። የእሱ ወጪ ያልገባበት የአዋጭነት ሒሳብ ውሸት ነው።

ካዛንቺስ_ዳታ
እናመሰግናለን። ስዊዞቹም ማዕከሎቻቸውን በዚሁ አሠራር እያገናኙ ነውና ለክፍያው ምሳሌ ማድረግ ይቻላል?

አንቀጽ28
ለቴክኒኩ አዎ፣ ለክፍያው አይሆንም። ጄኔቫና ዱበንዶርፍ የአንድ ድርጅት፣ የስዊዙ ስካይጋይድ፣ ሁለት ማዕከሎች ስለሆኑ በመካከላቸው ሻጭና ገዢ የለም። ለእናንተ የሚቀርበው በኔዘርላንድ ያለው የዩሮኮንትሮል የማስትሪክት ማዕከልና ስሎቬኒያ ያጠኑት ነው፤ እዚያ አንዱ ዳታውን ያቀርባል፣ ሌላው ይገለገላል። ሌላው መንገድ አገሮች በጋራ ባለቤት የሚሆኑበት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሠረተው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ዳካር ያለው የአገሮች የጋራ የአየር ቁጥጥር ድርጅት አሴክና በአፍሪካ ትልቁ ማሳያ ነው። እሱ ግን የአየር ክልሉን ቁጥጥር ራሱን የያዘ ስለሆነ ዳታ ከመግዛት የጠለቀ የፖለቲካ ውሳኔ ይጠይቃል።

በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት (የቺካጎ ስምምነት) አንቀጽ 28 መሠረት አገልግሎቱን የማቅረብ ኃላፊነቱ የመንግሥት ነው። ዳታው ተሳስቶ አደጋ ቢደርስ «አቅራቢው ነው» ብሎ ማምለጥ የለም። አቅራቢው ግን ካሳውን በዓመት ክፍያው ልክ መገደብ ይፈልጋል፤ ልዩነቱን ማን ኢንሹራንስ ይገባለታል የሚለው ከመፈረሙ በፊት ይለቅ።

ምንዛሪውንም አትርሱ። ክፍያው በዶላር ከሆነ ከውጭ አየር መንገዶች በዶላር ከሚሰበሰበው የመተላለፊያ ገቢ ጋር አስሩት፤ ከብር በጀት አይሁን።

ከውሉ መውጫው ላይ ደግሞ የሴክተር ካርታው፣ የመስመር ነጥቦቹና ከጎረቤት ማዕከሎች ጋር ያሉ የርክክብ ሕጎች የገዢው ንብረት መሆናቸው፣ ሌላ ሲስተም በሚያነበው ፎርማት በየስድስት ወሩ መረከባቸው ይጻፍ። የራዳርና የድምፅ ቅጂም ቢያንስ 30 ቀን መቀመጥ ስላለበት አንዱ ኮፒ አገር ውስጥ ይሁን። መርማሪ ሲመጣ ከሌላ አገር ፈቃድ እየጠበቃችሁ እንዳትቆሙ።