ናሃኒ ወንዝ ላይ፣ ካኑ ይሻላል ካያክ?

ጀማሪዋ፦ ሰላም ናችሁ? ሐምሌ ላይ ከባለቤቴ ጋር ሰሜን ካናዳ ሄደን ናሃኒ ወንዝን ከአስጎብኚ ጋር ለመውረድ አስበናል። ሐይቅ ላይ ቀዝፈን እናውቃለን፤ የሚፈስ ወንዝ ግን አልሞከርንም። እሱ ካያክ (ጠባቡና ከላይ የተሸፈነው ጀልባ) ይላል፣ እኔ ካኑ (ከላይ ክፍት የሆነው)። «አስጎብኚ ካለ ምን ያስፈራል?» ባይም ነው። እስኪ አስታርቁን።

መቅዘፊያ፦ እህቴ፣ እዚያ ወንዝ ላይ ረዳት አስጎብኚ ሆኜ ሠርቻለሁ። ካያኩ ይቅርባችሁ። ለባሕር ዳርቻ ግሩም ነው፤ እዚህ ግን የስንት ቀን ምግብና ድንኳን ይጫናል፣ ካኑ ሁሉንም ይችላል።

ደግሞ ቨርጂኒያ ፏፏቴ አለ። ከ90 ሜትር በላይ ነው የሚወረወረው፣ የናያጋራን እጥፍ ገደማ። ፏፏቴው ጋ ሳትደርሱ ከጀልባ ወርዳችሁ ጀልባውንም ዕቃውንም ተሸክማችሁ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ በእግር ነው። አንዴ አድርሰሽ ለቀሪው ትመለሻለሽ። የፏፏቴውን ፎቶ ሁሉም ይለጥፋል፣ ስለ ሸክሙ የሚያወራ የለም!

አስጎብኚው ውሃውን ያነብልሻል፣ መስመር ይመርጥልሻል። መቅዘፉ ያንቺ ነው። ከፏፏቴው በታች ባሉት ገደላማ ሸለቆዎች ማዕበሉ ጀልባ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ካኑው ላይ የሚታሰር መሸፈኛ ሸራ መኖሩን ጠይቂ። የለም ካሉሽ ሌላ ድርጅት ፈልጊ።

ከተገለበጣችሁ ቀድሞ የሚመጣው ትንፋሽ ማጣት ነው። ቀዝቃዛው ውሃ ደረት ሲመታ ሰው ሳያስበው አየር ይስባል፣ አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ ውሃ ይስባል። የመጀመሪያውን አንድ ደቂቃ ትንፋሽሽን ብቻ አረጋጊ። ከዚያ በኋላ እጅሽ የሚታዘዝልሽ ለ10 ደቂቃ ያህል ነው። የተወረወረልሽን ገመድ መያዝ ያለብሽ ያኔ ነው። የነፍስ አድን ጃኬት ካልታሰረ ዋና መቻል ብዙም አያድንም።

ጀማሪዋ፦ ኧረ በስመአብ! ድቡስ?

መቅዘፊያ፦ ከድቡ ይልቅ ቢምቢው ያማርርሻል። ምግብ በሚቆለፍ በርሜል ሆኖ ከድንኳን ርቆ ያድራል። የጥርስ ሳሙናም፣ ቅባትም እንደዚያው። የድብ መከላከያ ስፕሬይ በመንገደኛ አውሮፕላን አይፈቀድም፣ እዚያው ግዙ። ውሃ ላይ በሚያርፈው ትንሽ አውሮፕላን ስትሳፈሩ ደግሞ ለፓይለቱ ንገሩት። ሻንጣ ውስጥ እንዳትደብቁት አደራ።

ዳር ዳር፦ እኔ ብሆን ከዩኮን ወንዝ እጀምራለሁ። ከኋይትሆርስ ከተማ እስከ ዳውሰን ከተማ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጀልባ የምትሸከሚበት ቦታ የለም። ፋይቭ ፊንገር የሚባለው ኃይለኛ ወራጅ ውሃ ላይ ቀኝ ቀኙን መያዝ ነው። ካያክ የሚወድ ባልም አይከፋውም 😄

መቅዘፊያ፦ ለመጀመሪያ ጉዞ ከሆነ እኔም በዚህ እስማማለሁ። ብቻ በዩኮን መንገድ ላይ ያለውን ላበርጅ ሐይቅን አትናቁት፤ ነፋስ ከተነሳ መሃሉን አታቋርጡ፣ ዳሩን ተከተሉ። የትኛውንም ወንዝ ብትመርጡ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ድርጅቱን «ነፋስ ወይም ሙላት ቢያስቆመን ስንት ትርፍ ቀን ይዛችኋል?» በሉት። «ምንም» ካሉ ቸኩለው ውሃ ውስጥ ይከቷችኋል።